ሆስፒታልን በአልጋው ቁጥር መመዘን ይብቃን

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ያረፉት በነሐሴ 1942፣ በ22 ዓመታቸው፣ ነቀምት ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የምጠቅሳቸው መዛግብት የተጻፉት እንዲያ ነውና።) በጣሊያን ወረራ የስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የተመረቁ፣ ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ የነበሩ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበሩ። ሐዘኑ ከባድ ነበር። በእንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ በሲልቪያ ፓንክረስት አስተባባሪነት እንግሊዝ አገር ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በ1951 በስማቸው የተሰየመው የመታሰቢያ ሆስፒታል በሩን ከፈተ። የተከፈተው ግን አዲስ አበባ ነው።

ሆስፒታሉ መሠራቱ መልካም ነበር፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ይሁንና ሞቱ የደረሰበት ቦታና መታሰቢያው የቆመበት ቦታ እንዲህ መራራቁ፣ እስከ ዛሬ ያልለቀቀንን አንድ ልማድ ያሳየኛል። ሰው ሩቅ ቦታ ይሞታል፣ እኛ አዝነን ቅርብ ቦታ ሕንፃ እንሠራለን፤ ሕንፃው ሲያልቅ ሥራውም ያለቀ ይመስለናል።

ዛሬም ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ስናወድስ የምንጠይቀው ያንኑ ነው። ስንት አልጋ አለው? ባለፈው ዓመት ስንት ሕመምተኛ አስተናገደ? ስንቱን በነፃ አከመ? ሲቲ ስካን ገባለት ወይ? በገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት የሚነበበው ሪፖርት ይኸው ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የሚደረገው ንግግርም ከዚህ አያልፍም። በዚህ ሚዛን ጥሩ ሆስፒታል ማለት በሽተኛ ሲመጣለት በርኅራኄ ተቀብሎ፣ ሳያስከፍል ወይም ጥቂት አስከፍሎ፣ አድኖ የሚሸኝ ነው። የምቃወመው ይህን ሚዛን ነው፤ ርኅራኄውን አይደለም። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ለአካባቢው ጤና የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ከበሩ ውጭ የሚሠራው ነው ብዬ አምናለሁ። ከአጥሩ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የቱንም ያህል በነፃ ቢያክም፣ በአካባቢው የሚሞቱትን ብዙዎቹን ሳያያቸው ይቀብራቸዋል።

ከባድ ቃል ነው። ማስረጃዬን ላቅርብ።

ከወልቂጤ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በጉራጌ ምድር፣ አጣጥ የሚባል የካቶሊክ ሆስፒታል አለ። በ1969 ያቋቋሙት የሕክምና ሚስዮን እኅቶች ተብለው የሚታወቁት ሲስተሮች ናቸው። ትንሽ የገጠር ሆስፒታል ነው። በ1976 ግን በአገራችን የጤና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚገባውን አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ በተለይ ከዚህ ቀደም በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ልጁ አቀማመጡ የተበላሸባት ወይም ቤቷ ከሆስፒታሉ በጣም የራቀ ሴት፣ ምጥ ሳይጀምራት አስቀድማ መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ የምትቆይበት ማቆያ አዘጋጀ። በማቆያው የቅንጦት ነገር የለም። ስንቋን ከቤቷ ትይዛለች፣ የራሷን ምግብ ራሷ ወይም አብራት የመጣች ዘመዷ ታበስላለች፣ አዋላጆቹ እየመጡ ያዩዋታል። ምጧ ሲመጣ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚወስዳት መንገድ የጥቂት እርምጃ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እንይ። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በአጣጥ 24,148 ወሊዶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው የወለዱ ሴቶች ናቸው፤ የቀሩት 17,343ቱ በቀጥታ ከቤት የመጡ። በ2010 የታተመው ጥናት ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ በማቆያው ካለፉት መካከል የእናቶች ሞት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት 89.9 ሆኖ ተገኘ። በቀጥታ ከመጡት መካከል ደግሞ 1,333.1። ይህን በሰው ቋንቋ ላስቀምጠው፦ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ በሕይወት ለተወለዱ በየ75ቱ ሕፃናት አንዲት እናት ትሞት ነበር፤ በማቆያው ካለፉት ዘንድ ግን ለ1,100 ያህሉ አንዲት። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ቁጥር በአንደኛው ወገን ከ1,000 ወሊድ 17.6፣ በሌላው 191.2 ነው። በቀጥታ ከመጡት ከአምስቱ አንዷ ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር፣ እናቶች ባዶ እቅፍ ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ የሚነሳውን ክርክር አውቃለሁ። "ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን አምጠው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጡ ናቸው" ይባላል። እውነት ነው። ወደ ማቆያው የገቡትም የእርግዝና ክትትል የነበራቸው፣ የሚደግፋቸው ቤተሰብ ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አልልም። ግን ይህን ክርክር የሚያነሳ ሰው ሳያስበው ለእኔ ይመሰክርልኛል። ሐኪሞቹ አንድ ናቸው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ አንድ ነው። መድኃኒቱም አልጋውም አንድ ነው። ያውም ወደ ማቆያው የተላኩት አደጋ አለባቸው ተብለው የተለዩት ሴቶች ናቸው። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ አንዷን ያዳናት ሌላዋን ያልጠቀማት ምንድን ነው? የደረሱበት ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚወሰነው ደግሞ ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ በየጎጆው፣ በየመንገዱ ነው። አጣጥ ሁለተኛ የቀዶ ጥገና ክፍል ቢሠራ ኖሮ ያቺ ሦስት ቀን ቤቷ ያማጠች ሴት ምን ትጠቀም ነበር?

በእኛ አገር የወለደችን ሴት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንላታለን። ከሞት ተረፍሽ ማለታችን ነው። ቋንቋችን ወሊድን የሚያውቀው እንደ አንድ የምሕረት ወይም የሞት ደጃፍ ነው፤ ይህን ያስተማረው ብዙ መቃብር ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ የቆመችን ሴት የሚገድሏትን ነገሮች የጤና ባለሙያዎች "ሦስቱ መዘግየቶች" ብለው ይጠሯቸዋል። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት ነው፤ ባል፣ አማት፣ ገንዘብ፣ ፍርሃት፣ "እስቲ ትንሽ እንጠብቅ" የሚባለው ሁሉ። ሁለተኛው ከተወሰነ በኋላ ለመድረስ መዘግየት ነው፤ ወንዙ፣ ጭቃው፣ የመኪናው አለመኖር፣ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ ፍለጋ። ሦስተኛው ከደረሰች በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። የምናወድሰው ሆስፒታል፣ የምንሰበስበው ገንዘብ፣ የምናስመርቀው ሕንፃ በአብዛኛው ለሦስተኛው ብቻ ነው። ሁለቱን ለማን ተውናቸው?

"ለመንግሥት" የሚል መልስ ይመጣል። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሁላችንም ስለምናውቀውና ስለምንኮራበት ስለ ሐምሊን የፌስቱላ ሆስፒታል ላንሳ።

ካተሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲመጡ የተቀጠሩት እዚያው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነበር። የመጡበትም ጉዳይ ፌስቱላ አልነበረም፤ አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። የማሠልጠኛው ሥራ ጥቂት አዋላጆች ብቻ አፍርቶ ቆመ። ባልና ሚስቱ ግን እዚያ ያገኟቸውን፣ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ከሰው የተገለሉትን ሴቶች ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ሐምሊኖቹ ካከሟቸው አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው፤ ከገጠር በሕመምተኝነት መጥተው፣ ድነው፣ ከእነርሱው ጋር ቀርተው፣ ዘመናዊ ትምህርት ሳይኖራቸው ቀዶ ጥገናውን በእጃቸው ተምረው የተካኑ፣ በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖቹ ጋር በወርቅ ሜዳሊያ ያከበራቸው። ይህ ሁሉ ስለ ሐምሊን ሲነገር የሚነገር ነው። መነገሩም ይገባል።

ነገር ግን ያው ሕዝብ፣ ያው ለጋሽ፣ ያው ጋዜጠኛ በጣም ያነሰ ቦታ የሚሰጠው ሌላ ምዕራፍ አለ። ፌስቱላ ከሰማይ የሚወርድ በሽታ አይደለም። ምጥ ይጠናል፣ ልጁ አላልፍ ይላል፣ ጭንቅላቱ ለቀናት የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫናል፣ ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፣ ቀዳዳው የሚፈጠረው ከዚያ ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። በወቅቱ የደረሰ አዋላጅና በወቅቱ የተደረገ ቀዶ ጥገና ቢኖር ይህ ሁሉ አይፈጠርም። ቀዶ ጥገናው የቱንም ያህል የተዋጣ ይሁን፣ አንድ ሆስፒታል አንዲትን ሴት ሲጠግን በሌላ ቀበሌ ሌላዋ ትቀደዳለች። ካተሪን ሐምሊን ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ተመልምለው ይማራሉ፣ በዲግሪ ይመረቃሉ፣ ተመልሰው በመጡበት አካባቢ በገጠር ጤና ጣቢያ ያገለግላሉ። ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ከፍቷል። በ1959 ለአዋላጅ ትምህርት የመጡት ሴት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተቀደደውን ሲሰፉ ከቆዩ በኋላ፣ ወደ መጡበት ጉዳይ ተመለሱ። በመጋቢት 2020 እዚሁ አዲስ አበባ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

እኔ ከዚህ ሕይወት የምማረው ትምህርት አንድ ነው፤ በዓለም የታወቀው የቀዶ ሐኪም እጅ ራሱ፣ መፍትሔው ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ በፊት መሆኑን መሰከረ። እኛ ግን ምስክርነቱን ሰምተን አሁንም ገንዘባችንን የምንሰጠው ለጠረጴዛው ነው።

ስለ "ነፃ ሕክምና" ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ክርክሬን የሚያዳምጡ ወዳጆቼ ሁሉ ቶሎ የሚይዙት እሱን ነው። ነፃ ሕክምና ቀላል ነገር አይደለም። ለድሃ የሕክምና ክፍያ ማለት አንዳንዴ የበሬው ዋጋ ነው። ነገር ግን ካርዱ ነፃ ስለሆነ ሕክምናው ነፃ ነው ማለት አይደለም። በመኪና የመጣበት አለ። አስታማሚው የሚያድርበትና የሚበላው አለ። በመኸር ወቅት ከሆነ በማሳ ላይ የቀረው ሰብል አለ። ለምርመራ ተመላልሶ የመጣባቸው ቀኖች አሉ። ከበሩ ውጭ ያለውን ይህን ወጪ ያልቆጠረ ሆስፒታል፣ በሩ ላይ "ነፃ" ብሎ ቢጽፍም፣ ድሃውን ድሃ እንዳደረገ ይሸኘዋል። አንድ ሆስፒታል ለአካባቢው ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ የገንዘብ ርዳታ፣ ገበሬው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እንዲታቀፍ መቀስቀስ፣ ራሱም ከመድህኑ ጋር ተዋውሎ አባላቱን መቀበል ነው ብዬ አምናለሁ። መድህኑ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ሰፊ ሆኗል። ገበሬው ሳይታመም ከፍሎ፣ ሲታመም በመብት ይገባል፤ እጁን ዘርግቶ አይለምንም። ምጽዋት ያስደስተናል፤ ለሰጪው በተለይ ያስደስተዋል፤ መብት ግን የሰው ልጅን አንገት ቀና ያደርጋል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የሚባል ቦታ አለ። ሕመምተኛው ሲመዘገብ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ወረዳው፣ ቀበሌው ይጻፋል። በዚያ መዝገብ ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ ካነበበው፣ የአካባቢው ሕዝብ ጤና ሁሉ አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ቀበሌ አሥር የተቅማጥ ሕመምተኛ ከመጣ ምንጩ ተበክሏል ማለት ነው። ከአንድ ጎጥ በተራዘመ ምጥ ሦስት ሴት ከመጣች፣ እዚያ ድልድይ ፈርሷል ወይም አዋላጅ ጠፍታለች ማለት ነው። የሰውነት ክብደታቸው የወረደ ሕፃናት ከአንድ አካባቢ መብዛት ከጀመሩ ረኃብ እየመጣ ነው፤ ያውም የወረዳው ግብርና ቢሮ ሳያውቀው። ይህን ዕውቀት የያዘ ሌላ ማን አለ? ሆስፒታሉ ግን በየቀኑ መዝግቦ፣ በወሩ መጨረሻ ደምሮ፣ "ይህን ያህል ሰው አከምኩ" ብሎ ሪፖርት ይልካል። ምንጭ ማጎልበት የሆስፒታል ሥራ አይደለም ይሉኛል። ታዲያ ከዚያው ምንጭ የጠጣውን ሕፃን በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ግሉኮስ መስጠት የማን ሥራ ነው? ለውኃ ቢሮው በአንድ ገጽ ደብዳቤ "ከዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ሰው ታሟል" ብሎ መጻፍ ከግሉኮሱ ይረክሳል።

ይህ የተሳሳተ ሚዛን በግለሰብ ልብ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ለዓመታት በሕግ ቆሞ ነበር። በ2009 የወጣውና በእኛ አቆጣጠር 621/2001 ተብሎ የሚታወቀው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ከድርጅቱ ወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ አስተዳደራዊ ወጪው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ። ሐሳቡ በራሱ ክፋት የለበትም፤ የምጽዋት ገንዘብ በቢሮ ወጪ እንዳይባክን ነው። ችግሩ ከዚያ የተከተለው መመሪያ አስተዳደራዊ ብሎ በቆጠራቸው ወጪዎች ውስጥ የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪዎችን ጭምር ማስገባቱ ነበር። አስቡት። አዋላጅ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ፣ ነርስ በሞተር ወደ ጤና ኬላ ማድረስ፣ ሊገደብ የሚገባው ወጪ ሆኖ ሲቆጠር፣ ሕንፃና አልጋ ግን ንጹሕ ዓላማ ሆነ። ሕጉ ሳያስበው ሆስፒታሎችን ወደ አጥራቸው ውስጥ ገፋቸው። አዋጁ በ2019 በሌላ አዋጅ ተተክቶ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ለጋሹ ግን አልተሻሻለም፤ አሁንም የነዳጅ ወጪ ሲያይ ፊቱን ያኮሳትራል፣ የአዲስ ሕንፃ ፎቶ ሲያይ እጁን ይዘረጋል።

እዚህ ላይ በውጭ ላሉ ወገኖቻችን ቃል አለኝ፤ በፍቅር የሚሰጡ ሰዎች ናቸውና በፍቅር ይስሙኝ። ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገሮች በኮንቴነር እየተጫነ ለትውልድ አካባቢ ሆስፒታል የሚላከው መሣሪያ በብዙ ድካም የተሰበሰበ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች፣ ሀብት ባነሳቸው ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ አይቶ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ ሆኖ አገኘው። መለዋወጫ የለም፣ ጠጋኝ የለም፣ መብራቱ ይዋዥቃል፣ የአጠቃቀም መጽሐፉ በማይታወቅ ቋንቋ ነው። የዚያ ማሽን ማጓጓዣ ብቻ ምን ያህል የማቆያ ጎጆ ይሠራ እንደነበር ራሳችሁ አስሉት። ለማቆያ ጎጆ ግን ሪባን አይቆረጥም።

አሁን "የመንግሥት ሥራ ነው" ወደሚለው ልመለስ፤ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ እሱ ነው። እንዲህ ይላል፦ የመከላከልና የቤት ለቤት ሥራ ከ2003 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተይዟል፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመድበዋል፤ በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ናቸው። ሆስፒታሉ ደግሞ የተማረ ሐኪም ያለበት ውድ ቦታ ነው፤ ሐኪሙን ወደ ገጠር መንደር መላክ ብክነት ነው። ሁሉም በየሥራው ይሠማራ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ሥራ እንደ እኔ የሚያከብር ጥቂት ነው። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሱ። የእናቶች ሞት በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወረደ። ለዚህ ለውጥ በየጎጆው እየዞሩ "እባክሽ ጤና ጣቢያ ውለጂ" ያሉት ሴቶች ድርሻ ትልቅ ነው። ነገር ግን እኮ፣ ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴቲቱን አሳምና፣ ባሏን ለምና፣ ሪፈር ጽፋ ስትልካት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ "ለምን መጣሽ" ካሏት፣ ወይም አልጋ የለም ብለው ከመለሷት፣ ወይም ሬሳዋ ቢመለስ፣ የዚያች ሠራተኛ ቃል በቀበሌው ውስጥ ለአሥር ዓመት አይታመንም። በሌላ በኩል ሆስፒታሉ ስልክ ተቀብሎ "ላኪያት፣ እየጠበቅናት ነው" ቢላት፣ ከወለደችም በኋላ "ልጁ ደህና ነው፣ የደም ግፊቷን በየሳምንቱ ለኪላት" ብሎ መልስ ቢጽፍላት፣ ያች ሠራተኛ ነገ አሥር ሴት ትልካለች። የመንግሥቱ ሥራ የሚቆመው ሆስፒታሉ ከበሩ ወጥቶ ሲቀበለው ነው። ሐኪሙ ሁሉ ገጠር ይዙር አላልኩም። በየወሩ አንድ ቀን አዋላጆቹን ከጤና ጣቢያዎች ጠርቶ፣ ያለፈውን ወር አስቸጋሪ ወሊዶች አብሮ መርምሮ፣ እጃቸውን አሠልጥኖ መመለስ ሐኪምን ማባከን ነው የሚል ካለ አልስማማም።

ደግሞስ መንግሥት ማቆያን ከማን ተማረ? የእናቶች ማቆያ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አገራዊ አሠራር ነው፤ ገበሬው እህል እያዋጣ፣ ገንፎ እየተገነፋ፣ ቡና እየተፈላ ነፍሰ ጡሮች የሚቆዩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ይህ ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የገጠር ሚስዮን ሆስፒታል ሠርቶ፣ መዝግቦ፣ አሳይቶ ነበር። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከመንግሥት ጋር የሚሻማ ሳይሆን ለመንግሥት መንገድ የሚያሳይ የሚሆነው እንዲህ ነው። መንግሥት በመላ አገሪቱ የማይሞክረውን በአንድ ወረዳ ይሞክራል፤ ከሠራ ያስረክባል፤ ካልሠራ ጥፋቱ ትንሽ ነው።

ለትርፍ የሚሠራ ሆስፒታል ከዚህ ሁሉ ነገር ነፃ ነው፤ አልወቅሰውም። ገቢው የሚመጣው ከበሽተኛው ነው፤ በሽተኛ ሲቀንስበት ይከስራል። ለትርፍ ያልቆመው ግን በሽተኛ በመቀነሱ የሚከስር ባለ አክሲዮን የለውም። የተለየ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሕመምተኛ ቁጥር ጨመረልን ብሎ የሚደሰት ከሆነ ስሙን ይዞ ጠባዩን ከነጋዴው ተውሷል። ከሩቅ ቀበሌ በተተረተረ ማሕፀን የመጣች ሴት ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሆኑን ሲያይ ነው ሊደሰት የሚገባው።

በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎቼ ይህን ከጎረቤታቸው ያውቁታል፤ እዚያ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በ2010 ከወጣው የጤና ሕግ ወዲህ በየሦስት ዓመቱ የአካባቢያቸውን ሕዝብ የጤና ፍላጎት አጥንተው፣ ምን እንደሚሠሩበትም ጽፈው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ይገደዳሉ። አሠራሩ እዚያም ብዙ ይወቀሳል፤ ወረቀት ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፣ ለእኛም ይሆናል። መረጃው አለን። በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ አሠራር፣ እናት በቤቷም ብትሞት በመንገድም፣ ሞቱ እንዲመዘገብና ምክንያቱ እንዲመረመር ያዛል። የጎደለው፣ ያን መረጃ የሆስፒታሉ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "እነዚህ የእኛ ናቸው" ማለት ነው።

ስለዚህ በበጎ አድራጎት ሆስፒታል ቦርድ ላይ የተቀመጣችሁ፣ በየወሩ የምታዋጡ፣ ኮንቴነር የምትጭኑ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ዓመታዊ ስብሰባ የታከመው ሰው ቁጥር ከተነበበ በኋላ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ፦ በዚህ ዓመት በወረዳችን ውስጥ ወደ እኛ ሳትደርስ የሞተች እናት ማን ናት፣ ከየትኛው ቀበሌ ናት፣ በየትኛው መንገድ ላይ ሞተች፣ ያን መንገድስ ምን አደረግነው? መልስ ከሌለ፣ ለአዲሱ ሕንፃ የምትሰጡትን ገንዘብ መልሱ እስኪመጣ ያዙት።